በተራው የሚያልቅ ብረት

ለኤክስካቫተርና ለዶዘር መለዋወጫ የሚሠራ የቶርኖ (ብረትን እያሽከረከረ የሚቆርጥ ማሽን) ባለሙያ ጥሩነቱ በምን ይታወቃል ቢባል፣ በእኛ በኮምቦልቻ ብዙ ሰው የሚሰጠው መልስ «የሠራው ዕቃ ስንት ጊዜ ቆየ?» የሚል ነው። መልሱ ከእውነት የራቀ ባይሆንም ግማሽ ነው ብዬ አምናለሁ። ማሽን የሚንቀሳቀሰው እርስ በርሳቸው በሚፋተጉ ብረቶች ነው፤ የሚፋተግ ብረት ደግሞ ማለቁ አይቀርም። ስለዚህ ባለሙያው ሊጨነቅበት የሚገባው የሠራው ዕቃ በተራው እንዲያልቅና ሲያልቅም ከእሱ የሚበልጠውን ዕቃ ይዞ እንዳይሄድ ነው። ከቶርኖ ፊት ቆሜ ካሰብኩባቸው ነገሮች ሁሉ ይህን ያህል የያዘኝ የለም። ዛሬ በሰፊው ልጽፍበት የተነሣሁትም ሥራው በከተማችን እየበዛ ሲሄድ ይህ አስተሳሰብ ግን እየሳሳ ሲመጣ ስለማይ ነው።

ሥራው በወሎ የበዛበት ምክንያት ግልጽ ነው። ኮምቦልቻ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገድ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ ከሚወርደው ጋር የሚገናኝባት ከተማ ናት። ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ የባቡር መስመር በቱርኩ ያፒ መርከዚ ሲገነባ ተራራ ተቆርጧል፣ ሸለቆ ተሞልቷል፤ የመንገዱ፣ የመስኖውና የካባው ሥራም የራሱን ማሽን ይዞ መጥቷል። ዛሬ ወደ እኛ ቶርኖ ቤት የሚመጡት አብዛኞቹ ማሽኖች በግለሰቦች እጅ ያሉና በሰዓት የሚከራዩ፣ ዕድሜያቸውም የገፋ ናቸው። ኦሪጅናል መለዋወጫ በውጭ ምንዛሪ ታዝዞ በጅቡቲ በኩል እስኪገባ መጠበቅ ባለንብረቱን ያከስረዋል። በወሎ ደጋ በልግም ክረምትም ስለሚዘንብ፣ አፈር እንደ ልብ የሚቆረጥበት ጊዜ በዋናነት ከመስቀል ማግስት እስከ ጥር ያለው ነው። በዚያ ወቅት በአንድ ፒን (ክብ የመጋጠሚያ ብረት ዘንግ) ምክንያት የቆመ ኤክስካቫተር ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያሳጣ ለማወቅ የባለቤቱን ፊት ማየት ይበቃል።

አሁን ወደ ብረቱ ልግባ። የኤክስካቫተር ባልዲ ከክንዱ ጋር የሚገናኘው በፒን ነው። ፒኑ በሁለቱ የባልዲው ጆሮዎች መካከል አልፎ በክንዱ ጫፍ ባለው ቤት (ክብ ቀዳዳ) ውስጥ ይገባል፤ በቤቱና በፒኑ መካከል ደግሞ ቡሺንግ የሚባል የብረት ቱቦ አለ። ፒኑ በአንድ በኩል በብሎን ከባልዲው ጆሮ ጋር ስለሚታሰር ከባልዲው ጋር አብሮ ይዞራል፤ ቡሺንጉ ደግሞ በኃይል ተጭኖ በቤቱ ውስጥ ስለገባ አይነቃነቅም። በዚህ አሠራር ፍትጊያው ሁሉ በአንድ ቦታ ብቻ ይሆናል፤ ይኸውም በፒኑ ውጫዊ ገጽና በቡሺንጉ ውስጠኛ ገጽ መካከል ነው። እዚያም ቢሆን ብረት ከብረት ጋር እንዳይነካካ ግሪስ ይገባል። እንግዲህ የማለቂያው ተራ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ግሪሱ ያልቃል፤ እሱ በየቀኑ፣ በከባድ ሥራ ላይ በየ10 ሰዓቱ ይተካል። ቀጥሎ ቡሺንጉና ፒኑ ያልቃሉ፤ እነሱ የእኛ የቶርኖ ቤት ሥራ ናቸው። የክንዱ ቤት ግን ፈጽሞ ማለቅ የለበትም። እሱ ከአንድ ትልቅ የተበየደ አካል ጋር አንድ የሆነ፣ እንደ ሌሎቹ ያልጠነከረ ተራ ብረት ስለሆነ፣ ከተበላ ወጪው የፒን ወጪ መሆኑ ይቀራል።

ይህን ተራ የሚያፈርሰው ብዙውን ጊዜ በጎ ሐሳብ ነው። በሐርቡ በኩል ማሽን የሚያከራዩ አንድ ሐጂ የተበላ ፒንና ቡሺንግ አስይዘው መጥተው፣ «ልጄ፣ ሁለተኛ ወደ አንተ እንዳልመለስ አድርገህ አጥብቀህ ሥራልኝ» አሉኝ። ማጥበቅ ሲሉ ፒኑ በቡሺንጉ ውስጥ ምንም ሳይላላ ግጥም ብሎ እንዲገባ ማለታቸው ነበር። «ሐጂ፣ ግጥም ካለ ነው ቶሎ የሚመለሱት፤ ግሪሱ በየት በኩል ይግባ?» አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝና፣ «ታዲያ ላልቶ እያንኳኳ ልውሰደው?» አሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ ላልቶ ያንኳኳ መጋጠሚያ ያስጠላቸው ሰው ሌላ ምን ሊሉ ይችላሉ? ነገር ግን 80 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፒን አዲስ በሆነበት ቀን እንኳ በዐሥረኛ ሚሊ ሜትር የሚቆጠር ክፍተት ያስፈልገዋል። ክፍተቱ ለግሪሱ ሽፋን፣ ብረቱ ሲሞቅ ለሚያብጠው መጠን፣ ክንዱ በጭነት ሲጣመም ለሚፈጠረው ትንሽ ዝንባሌ የተተወ ቦታ ነው። ቦታው ከጠፋ ፒኑ በቡሺንጉ ውስጥ ይደርቃል፤ ማሽኑ ግን በሃይድሮሊክ ጉልበት መዞሩን አይተውም። የደረቀው ፒን ወይ ማሰሪያውን ብሎን ይቆርጣል፣ ወይ ቡሺንጉን ይዞ በቤቱ ውስጥ ይዞራል። በጥቂት ቀን ውስጥ ክብ የነበረው ቤት እንቁላል ይመስላል። «አጥብቀህ ሥራልኝ» የተባለው ዕቃ ሳይበላ፣ ሊጠብቀው የተሠራለት ክንድ ተበላ ማለት ነው።

ሌላው የጥብቀት ስህተት የሚመጣው ቡሺንጉ ሲገባ የሚሆነውን ካለማሰብ ነው። ቡሺንጉ በቤቱ እንዳይዞር ውጫዊ መጠኑ ከቤቱ ቀዳዳ በግምት ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር በልጦ ይሠራል። በኃይል ሲገባ ግን የሚጨመቀው ከውጭ ብቻ ስላልሆነ የውስጡ ቀዳዳም አብሮ ይጠባል። በቶርኖው ላይ ፒኑ ልክ ሆኖ የገባበት ቡሺንግ ክንዱ ውስጥ ከገባ በኋላ ፒኑን አላስገባ የሚለው ለዚህ ነው። ያን ጊዜ መዶሻ ይመጣል። በመዶሻ የገባ ፒን በመዶሻ እንኳ እንደማይወጣ፣ በመጨረሻ በጋዝ እሳት ተቆርጦ እንደሚወጣ በዚህ ሙያ ያለ ሁሉ ያውቀዋል።

ናሙና ይዞ መምጣት የተለመደ ነው፤ «ይህን አስመስለህ ሥራ» ይባላል። ይሁን እንጂ የተበላ ዕቃ ስለ ድሮ መጠኑ ቀጥተኛ ምስክርነት አይሰጥም፤ እንዳለ የቀዳው ባለሙያ የሚሠራው አዲስ የተበላ ዕቃ ነው። ያልተበላውን ቦታ መፈለግ ያስፈልጋል። የፒኑ ሁለት ጫፎች በባልዲው ጆሮ ውስጥ ታስረው ስለሚቆዩ ብዙ አይፋተጉም፤ ቆሻሻውና ዝገቱ በጥንቃቄ ሲጠረግ የመጀመሪያው መጠን እዚያ ይገኛል። መሐሉ ደግሞ በአንድ ጎን ብቻ ይበላል፤ ማይክሮሜትሩን (ውፍረት መለኪያውን) እያዞሩ በየአቅጣጫው ሲለኩት የትኛው ወገን ጭነት እንደተሸከመ፣ ግሪሱ የት ድረስ እንደደረሰና የት እንዳልደረሰ ይነግራል። አንዳንዴ ጥፋቱ በብረቱ ሳይሆን በተደፈነ የግሪስ ቀዳዳ እንደሆነ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው፤ ያን ሳያዩ አዲስ ፒን መሥራት ገንዘብ መብላት ነው።

ቁጥሩም ራሱ ይናገራል። ከ20 ቶን በላይ የሚመዝኑት የተለመዱ ኤክስካቫተሮች የባልዲ ፒን ብዙውን ጊዜ 80 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ጫፉ 79.9 የሚል ፒን የት እንደነበረ ለመገመት አያስቸግርም። 76 ሚሊ ሜትርና ጥቂት ነጥብ ካነበብኩ ግን ወደ 75 ወይም ወደ 77 አልሄድም፤ 76.2 ማለት 3 ኢንች ነውና። የኮማትሱ ማሽኖች በሚሊ ሜትር የተሠሩ ሲሆኑ በካተርፒላር ላይ የኢንች ጥርስ ያላቸው ብሎኖች ይበዛሉ። በአንድ ኢንች 12 ጥርስ ያለው ብሎን ከጥርስ እስከ ጥርስ 2.117 ሚሊ ሜትር ይራመዳል፤ «2 ሚሊ ነው» ተብሎ ቢቆረጥ ዳዶው ጥቂት ዙር ይሄድና ቀጥ ይላል፤ በኃይል የገፋው ደግሞ ጥርሱን ያበላሻል። በሚሊ ሜትር የተሠራ ቶርኖ ላይ የኢንች ጥርስ በትክክል ለመቁረጥ 127 ጥርስ ያለው ጊር ያስፈልጋል። አንድ ኢንች ልክ 25.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህ በአምስት ሲባዛ 127 ይሆናል። ያገለገለ ቶርኖ ለመግዛት ለሚያማክሩኝ ወጣቶች መጀመሪያ የምላቸው «ይህ ጊር አብሮት መኖሩን እዩ» ነው። ቀለሙና ሞተሩ በኋላ ይታያሉ።

በብረቱ ዓይነት ላይ ደግሞ ብዙ ሙግት አለ። ጥሩ ፒን ቆዳው ጠንካራ፣ ውስጡ ግን ታጋሽ መሆን አለበት፤ ቆዳው ፍትጊያን፣ ውስጡ ደግሞ ባልዲው አለት ሲመታ የሚመጣውን ድንጋጤ ይችላል። እስከ እምብርቱ የጠነከረ ፒን በሞረድ ሲነካ ያስደስታል፤ በድንጋይ ካባ ግን እንደ መስተዋት ይሰበራል። ተራ የግንባታ ብረት በተቃራኒው አይሰበርም፣ ግን ጎብጦ ቡሺንጉ ውስጥ ይቀረቀራል። ክሮሚየምና ሞሊብዲነም ያለበት 4140 የሚባለው ብረት ሲገኝ እሰየው ነው፤ ካልተገኘ ሲ45 የሚባለው መካከለኛ ካርቦን ያለው ብረትም ቆዳው በአግባቡ ከጠነከረ ያገለግላል። ለትንንሽ ፒኖች የተጣለ የጭነት መኪና የኋላ አክስል መጠቀም በእኛ ዘንድ የቆየ ልማድ ነው፣ እኔም ብልሃቱን አከብረዋለሁ፤ አክስል ተራ ብረት አይደለምና። ነገር ግን የአክስሉ ጥንካሬ ያለው ከላይ በጥቂት ሚሊ ሜትር ጥልቀት ውስጥ ነው። ያን ቆዳ መቁረጫ እየሰበሩ ገፍፎ የቀረውን ውስጡን «አክስል ነው» ብሎ መሸጥ ገዢውን ማታለል ነው፤ የተፈለገው ጥንካሬ ከቅርፍቱ ጋር ተጠርጎ ወጥቷል። ከተገፈፈ በኋላ እንደገና ሊጠነክር ይገባዋል።

ብረቱ ምን እንደሆነ ካልታወቀ ቢያንስ በመሞረጃ ድንጋይ ላይ ብልጭታውን ማየት ይቻላል። ካርቦኑ ያነሰ ብረት ረጃጅምና ቀጥ ያሉ፣ ጫፋቸው ብዙ የማይፈነዳ መስመሮችን ይተፋል፤ ካርቦኑ የበዛው ብልጭታው አጭር፣ በየመንገዱ እየፈነዳ የሚበተን ነው። አጠገቡ ዓይነቱ የታወቀ ብረት ይዞ ማነጻጸር ይጠቅማል። ቆዳውን ለማጠንከር በእሳት ሲሞቅ ደግሞ ዓይን በፀሐይ ብርሃን ስለሚታለል ማግኔት ይረዳል፤ ብረት 770 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም፤ ለማጠንከር ከዚያ ጥቂት ከፍ ማለት ያስፈልጋል። የእኛ የወሎ ቀጥቃጮች ማረሻና ማጭድ ሲሠሩ የብረቱን ቀለም እያዩ ውኃ ውስጥ መቼ መንከር እንዳለባቸው ያውቁ ነበር፣ ዛሬም ያውቃሉ። ይህን ዕውቀት ይዘው የኖሩ ሰዎች በሙያቸው ምክንያት ሲናቁና ሲገለሉ መኖራቸው አገሪቱን ምን ያህል እንደጎዳት ለማሰብ፣ ዛሬ አንዲት ፒን ከባሕር ማዶ ስንጠብቅ ከምናጣው ጊዜ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ቤቱ አንዴ ከተበላ ሥራው ይከብዳል። ከተንታ አቅጣጫ፣ ከበሽሎ ቁልቁለት በላይ ሲሠራ የቆየ ኤክስካቫተር እንዲህ ሆኖ አጋጥሞኛል። (ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን ወደ መቅደላ ለማድረስ በዚያው ሸለቆ መንገድ ያስጠረጉት በሰው ጉልበት ነበር፤ ያን ገደል ያየ ሰው ዶዘር የሚባል ነገር ምን ያህል ሸክም ከሰው ትከሻ እንዳወረደ ይገባዋል።) የክንዱ ቤት በአንድ ወገን ተበልቶ ቡሺንጉ በእጅ ይሽከረከር ነበር። ከእኛ በፊት የነካው ሰው በክፍተቱ ውስጥ ቆርቆሮ ጠቅልሎ አስገብቶበታል፤ ቆርቆሮው ተጨፍልቆ እንደ ወረቀት ሳስቷል። እንዲህ ያለውን ቤት ለማዳን የተበላው በብየዳ ይሞላል፣ ከዚያም በላይን ቦሪንግ ማሽን ይቀደዳል። ይህ ማሽን ረጅም ዘንግ አለው፤ ዘንጉ በሁለቱም ጎን ቀዳዳዎች መሐል አልፎ በኩሽኔታ ላይ ይቆምና መቁረጫውን እያዞረ ሁለቱንም በአንድ መስመር ያሰፋል። በእጅ ግራይንደር «ክብ አድርጌዋለሁ» ማለት እዚህ አይሠራም። እያንዳንዱ ቀዳዳ ለብቻው ክብ ሊሆን ይችላል፤ የሁለቱ እምብርት በአንድ መስመር ካልዋለ ግን ፒኑ እየተጣመመ ይገባና የቡሺንጉን ጠርዝ ብቻ እየበላ ይኖራል።

የብየዳው ነገር ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ አንድ ነገር ብቻ ልበል። 7018 የሚባለው ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) እርጥበት ከሳበ ሃይድሮጅን ወደ ብየዳው ይገባል፣ ስንጥቁም ወዲያው ሳይሆን እስከ 48 ሰዓት ቆይቶ ሊታይ ይችላል። ክረምት ላይ ካርቶኑ ተከፍቶ የሰነበተ ኤሌክትሮድ ከ300 እስከ 350 ዲግሪ ባለው ምድጃ ውስጥ ሳይደርቅ ለክንድ ቤት መጠቀም አይገባም። ሥራው በተረከበበት ቀን ደህና መስሎ ማደሩ ምንም አያረጋግጥም።

የዚያን ኤክስካቫተር ቡሺንግ ያስገባንበትን መንገድ በዝርዝር ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ውድ መሣሪያ የሌለው ቶርኖ ቤት ሁሉ ሊያደርገው የሚችል ነው። ቡሺንጉ ውጫዊ መጠኑ 95 ሚሊ ሜትር ነበር። ከቶርኖው ላይ እንደወረደ አልለካነውም፤ የሚሞቅ ብረት ያብጣል፣ 80 ሚሊ ሜትር ፒን ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 4 መቶኛ ሚሊ ሜትር ያድጋልና በትኩስነቱ የተለካ ሁሉ ሲበርድ ያንሳል። በማግስቱ ጠዋት፣ ቤቱም ቡሺንጉም በአንድ ዓይነት ቅዝቃዜ ላይ እያሉ ለካን። ከዚያ ቡሺንጉን በላስቲክ ጠቅልለን በጎረቤታችን ጁስ ቤት ዲፕ ፍሪዝ ውስጥ አሳደርነው። እስከ ዜሮ በታች 18 ዲግሪ የቀዘቀዘ ያን ያህል ብረት ወደ 0.04 ሚሊ ሜትር ይሰበሰባል። በነጋታው የክንዱን ቤት በጋዝ እሳት አንድ ቦታ ሳናቆም ዙሪያውን አሞቅነው፤ ጠብታ ውኃ ሲያርፍበት ጭስስ ብሎ የሚተንበት ሙቀት ላይ ሲደርስ አቆምን። ያ ደግሞ ወደ 0.08 ሚሊ ሜትር ያሰፋዋል። ቡሺንጉን አውጥቶ ላቡን ጠርጎ፣ የግሪስ ቀዳዳውን በተሰመረው ኖራ ትይዩ አድርጎ ወደ ውስጥ መግፋት ብቻ ቀረ። በሁለት እጅ ገባ። ከመግባቱ ጋር ግን ሙቀቱን ይጋራልና ቀዳዳውን ለማስተካከል ያለው ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ነው። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ኖራውን በሁለቱም ላይ አስቀድሞ ባያሰምር ኖሮ የግሪሱ መንገድ ተዘግቶ ይቀር ነበር። መዶሻው ከቦታው አልተነሣም።

ከዚህ ሁሉ ጋር፣ መሥራት የሌለብን ዕቃም አለ። የሃይድሮሊክ ፓምፕ ፒስተኖችና ሰሌዳዎች የሚጋጠሙት በመቶኛ ሚሊ ሜትርና ከዚያ ባነሰ ክፍተት ነው፤ ገጻቸውም በእኛ ቶርኖ የሚወጣ አይደለም። ከፓምፑ የተበላው ብረት በዘይቱ ተወስዶ ወደ ቫልቮቹና ወደ ሲሊንደሮቹ ሁሉ ይደርሳል። የፍሬን ዕቃም እንዲሁ። «እችላለሁ» ማለት በከተማችን እንደ ጀግንነት ስለሚታይ እምቢ ያለ ባለሙያ ሰነፍ ይባላል፤ እኔ ግን እምቢታውን የሙያው አካል አድርጌ ነው የማየው።

ስለ ባልዲ ጥርስ በአጭሩ፦ ጥርስ ከመጀመሪያውም ለመበላት የተሠራ ነው። አፈርና አለት እሱን እየበሉ የጥርሱን መያዣና የባልዲውን ከንፈር ይተዋሉ። ባለንብረቶች ለመቆጠብ ሲሉ ጥርሱ እስኪያልቅ አልፈው መያዣው ራሱ እስኪሾል ያሠራሉ። ከ11 እስከ 14 በመቶ ማንጋኒዝ ያለበት፣ ማግኔት የማይስበው ብረት በጥርስ ወይም በመፍጫ ዕቃ ላይ ካጋጠመ ደግሞ እንደ ሌላው ብረት አስቀድሞ አሙቆ መበየድ ያሰብረዋል፤ እሱ የሚፈልገው እየበረደ በአጭር በአጭሩ መበየድ ነው።

በመጨረሻ ስለ ማኅተም። በብሎን ራስ ላይ 10.9 የሚል ቁጥር ካለ፣ ብሎኑ 1000 ሜጋፓስካል የመሳብ ጥንካሬ እንዳለውና ከዚያ 90 በመቶው ላይ ሲደርስ ወደ ቦታው ሳይመለስ መለጠጥ እንደሚጀምር ከማንም ሳይጠየቅ ይታወቃል። በአገራችን ቶርኖ ቤቶች የሚሠራ ዕቃ ግን ምንም ሳይጻፍበት ይወጣል። እኔ ጋ የሚሠራ ፒን ሁሉ በማይፋተገው ጫፉ ላይ የብረቱ ዓይነት፣ የመጀመሪያ መጠኑ፣ ቆዳው መጠንከሩ ወይም አለመጠንከሩ፣ ወሩና ዓመቱ በፊደል መምቻ ይመታበታል። ይህን እንድተው የጠየቁኝ ነጋዴዎች አሉ፤ ያለ ምልክት ቢሆን «ኦሪጅናል» ተብሎ ይሸጥላቸዋልና። ለእነሱ አልሠራም። ለሌሎች ባለሙያዎች የማቀርበው ጥያቄም ይኸው ነው፤ የፊደል መምቻ ስብስብ ከአንድ ጥሩ መቁረጫ የማይወደድ ዕቃ ነው። ያ ፒን በወልዲያ ወይም በሚሌ ሌላ ባለሙያ እጅ ሲገባ፣ ሰውየው በተበላው መሐል ላይ እየገመተ አይውልም፤ ጫፉን በጨርቅ ጠርጎ 80 እና 4140 የሚለውን አንብቦ ብረቱን ወደ ቶርኖው ይጭናል።